ጎደሎ ዕርቅ

የጋሽ አንሙትን ማረፍ የነገሩኝ ሞጣ ላይ ቤት ያከራዩን የነበሩት እትዬ የሺ ናቸው። ስልኩን እንዳነሣሁ፣ ሰላምታ እንኳ ሳይሰጡኝ፣ «ታመው ነው፤ በአልጋቸው ላይ ነው» አሉ። ማን እንደሞተ የነገሩኝ ከዚያ ቀጥለው ነው። ምን ብዬ እንደምጠይቅ ስለሚያውቁ መልሱን አስቀደሙት። እኔም ከእንባዬ በፊት የወጣኝ ቃል «ተመስገን» የሚል ነበር። ሰው ሞተ ሲባል ተመስገን ማለት ነውር መሆኑ አልጠፋኝም። ነገር ግን እኔና እትዬ የሺ ለእሳቸው ስንፈራላቸው የኖርነው ሌላ ዓይነት ሞት ነበር። ጉበታቸውን ታመው፣ ቄስ ቀርቦላቸው፣ ሰው ከቧቸው መሞታቸው ለእሳቸው እንደ ሹመት የሚቆጠር ነው።

እኔ ልብስ ሰፊ ነኝ። ትምህርቴን አሥረኛ ክፍል ላይ አቋርጬ ሞጣ ከተማ ውስጥ አንድ ሱቅ በረንዳ ላይ በእግር የሚረገጥ የስፌት መኪና ይዤ ስቀመጥ፣ የተከራየሁት ክፍል ከጋሽ አንሙት ክፍል ጋር የሚለየው በአንድ የጭቃ ግድግዳ ነበር። እሳቸው የሁለተኛ ደረጃ የታሪክ መምህር ናቸው። ረጅም፣ ቀጭን፣ ሲናገሩ አገጫቸውን በጣታቸው የሚነካኩ ሰው ነበሩ። መጀመሪያ ያስተዋልኩባቸው ነገር ጫማቸው ነው። የግቢው ሰው ሁሉ ከሥራ ሲመለስ ነጠላ ጫማ ያደርጋል። እሳቸው ግን ፊታቸውን ሲታጠቡም፣ ፀሐይ ሲሞቁም፣ ወጥ ሲሠሩም ማሰሪያው ጥብቅ ተደርጎ የታሰረ ሸራ ጫማ እንዳደረጉ ነው። እግራቸው ላይ ቁስል ኖሮ የሚደብቁ መስሎኝ ነበር። ለመሮጥ መሆኑን ያወቅሁት ቆይቼ ነው።

ሌላም ነገር ነበራቸው። በገበያ ቀን ከክፍላቸው አይወጡም። ነገ ባሕር ዳር እሄዳለሁ ካሉ የሚሄዱት ከነገ ወዲያ ነው። በመንገድ ላይ በማያውቁት ድምፅ ስማቸው ከተጠራ አይዞሩም፤ ጥቂት ይራመዱና ከአንዱ ሱቅ ገብተው የስኳር ዋጋ እየጠየቁ በመስኮት ያያሉ። የሥነ ዜጋ መምህር የነበረው ጓደኛቸው ስንታየሁ ይህን ሁሉ እያየ ይስቅባቸው ነበር።

«እናትህ አንሙት ብለው ስም ያወጡልህ ለአንተ ብቻ መሰለህ እንዴ? እኛም መሞት አንፈልግም እኮ።»

«አንተማ የሚፈልግህ የለም» ይሉታል ጋሽ አንሙት። «አበዳሪህ እንኳ ረስቶሃል።»

የሚፈሩ ሰው ይሁኑ እንጂ የሚያለቅሱ ሰው አልነበሩም። ተማሪዎቻቸው «ነገስ» የሚል ስም አውጥተውላቸዋል። ማንም ሰው ስለ በደሉ፣ ስለ ጥፋቱ፣ ስለ ማን ትክክል ስለ መሆኑ አውርቶ ሲጨርስ እሳቸው የሚሉት አንድ ነገር ነው፤ «እሺ፣ ነገስ?» እትዬ የሺ ከእኅታቸው ጋር ተኳርፈው ስለ ውርስ እቃ ሲያማርሩ ጋሽ አንሙት ከልብ ሰምተው፣ በጥፋቱም ተስማምተውላቸው፣ መጨረሻ ላይ «እሺ፣ ነገስ? ነገ በምን ዓይነት ፊት ትተያያላችሁ?» ይሏቸዋል። እትዬ የሺ ይናደዳሉ። በማግስቱ ግን ወደ እኅታቸው ቤት ይሄዳሉ።

አንድ ቀን፣ ምሳ ሰዓት አለፍ እንዳለ፣ ጋቢ የለበሰና ዱላ የያዘ ሰው የግቢያችንን በር አንኳኳ። ጋሽ አንሙት ከክፍላቸው ደጃፍ ከሰል ላይ ሽሮ ጥደው ነበር። እትዬ የሺ በሩን ገርበብ አድርገው ከፈቱ።

«መምህር አንሙት የሚባሉ እዚህ ነው የሚኖሩ? ከብቸና በኩል ነው የመጣሁ።»

ዘወር ብዬ ሳይ ጋሽ አንሙት የሉም። የሽሮው ማማሰያ መሬት ወድቋል።

«ኧረ ባሕር ዳር ከሄዱ ሰነባብተዋል!» አሉ እትዬ የሺ።

ሰውየው አንገቱን አስግጎ ግቢውን ቃኘ። «ታዲያ ይኸ የሚገነፍለው ወጥ የማን ነው?»

«የኔ ነው» አልኩና ሮጬ ከሰሉ ጋ ተቀመጥኩ። ማማሰያውን ሳላነሣ እፍ እፍ ማለት ጀመርኩ።

ሰውየው ሁለታችንንም አየን። ከዚያ ድምፁን ዝቅ አድርጎ «እንግዲህ ሲመጡ ንገሯቸው። የላኩኝ ሽማግሌዎች ናቸው። ለዕርቅ ነገር ይፈልጓቸዋል በሏቸው» አለና ሄደ።

ጋሽ አንሙት ከሽንት ቤቱ ቆርቆሮ በር ጀርባ የወጡት እትዬ የሺ ሁለት ጊዜ ከጠሯቸው በኋላ ነው። ፊታቸው አመድ መስሏል። መልእክቱን ስንነግራቸው ሳቁ። «ዕድሜ ልኬን ከሞት ስሸሽ፣ ዛሬ ከዕርቅ ተደበቅሁ!» አሉ። ሽሮውን ሊያማስሉ ሞከሩ፤ ማማሰያው ከድስቱ ጋር እየተጋጨ ተንቀጫቀጨ። እኔ ተቀብዬ አማሰልኩላቸው። ነገሩን ከሥሩ የነገሩኝ በዚያ ቀን ነው።

ታላቅ ወንድማቸው ሽባባው ከብቸና ወጣ ብሎ በሚገኘው የትውልድ ቀበሌያቸው ገበሬ ነበር። የመሬት ድልድል ከተደረገ በኋላ ከጎረቤቱ ከገዳሙ ጋር በወሰን ተጣላ። ገዳሙን በጥይት ገደለውና ወደ ቆላ ወረደ። ከዚያ ወዲህ ያየው የለም፤ በወባ ሞተ የሚል አለ፣ ወለጋ አግብቶ ይኖራል የሚልም አለ። ደሙ ግን አልተመለሰም። በእኛ አገር ደም የሚመለሰው ከገዳዩ ላይ ብቻ አይደለም። ገዳዩ ከጠፋ፣ አንዳንዴ ባይጠፋም፣ የሚታየው ከዚያ ቤት ማን ቢጎድል የበለጠ እንደሚያም ነው። ከቤተሰቡ የተማሩት ጋሽ አንሙት ብቻ ናቸው።

«እኔ ዲግሪ ባልይዝ ኖሮ ማንም አይፈልገኝም ነበር» አሉኝ። «እናቴ ስትመርቀኝ ትልቅ ሰው ሁን ነበር የምትለኝ። አየህ፣ የሚገደል ሰው ሆንኩላት።»

ከሁሉ የሚያስፈራቸው የገዳሙ ልጅ ነው። ይበልጣል ይባላል። አባቱ ሲሞት የሚታዘል ሕፃን ነበር። የሟች ወንድሞች እያረጁ፣ ቁጣቸውም እየበረደ ሲሄድ፣ ልጁ ግን በየዓመቱ ያድጋል። ጋሽ አንሙት አይተውት አያውቁም። ነገር ግን መምህር ናቸውና እድሜውን በተማሪዎቻቸው ላይ ያዩታል። መስከረም ላይ ተማሪዎቹ ገብተው ሲቀመጡ፣ ከስም ጥሪው በፊት ወንዶቹን ልጆች በዓይናቸው ይቃኛሉ። «ዘንድሮ ይህን ያክላል» ይላሉ በልባቸው። ድምፁ ጎርንኖ እንደሆነ፣ ክንዱ ጠንክሮ እንደሆነ ያስባሉ። «የማስተምረውን ልጅ ሁሉ እየፈራሁ አስተማርኩ» ብለውኛል።

ስለ ፍልስፍና የሰማሁትም ከእሳቸው ነው። መምህራን በክረምት እየሄዱ የሚማሩት ትምህርት አለ። በዚያ ጊዜ ከተሰጧቸው የማስተማሪያ ጥራዞች አንዱ ስለ ትምህርት ፍልስፍና ነበር፤ እሱ ውስጥ ፕራግማቲዝም የሚል፣ ሐሳብ የሚመዘነው በሥራ ላይ ሲውል ነው ስለሚሉ ሰዎች የሚያወራ ምዕራፍ አለ። ጋሽ አንሙት ያን ምዕራፍ ለፈተና አንብበው አልተዉትም። ጥራዙን ለእኔ ሲያውሱኝ ገጾቹ ከሌሎቹ ገጾች ይልቅ ጠቁረው ነበር። መዝገበ ቃላት ይዤ አነበብኩት፤ ግማሹ አልገባኝም። በረንዳዬ መጥተው የገባኝን ያህል አድርገው ያስረዱኝ እሳቸው ናቸው።

«ይኸ ኮት ልክ መሆኑን በምን ታውቃለህ?» አሉኝ፣ የምሰፋውን እያዩ።

«ባለቤቱን አስለክቼ።»

«ከጠበበውስ?»

«እተረትረዋለሁ፤ አሰፋለታለሁ።»

«ሰውየውን አትቆርጠውም?»

«እንዴ ጋሼ!»

«እኛ እኮ የምንቆርጠው ሰውየውን ነው። ሐሳባችን ለሰው አልሆን ሲል፣ ሐሳቡን አንተረትርም። እነዚህ ሰዎች የሚሉት፣» ጥራዙን በጣታቸው መታ መታ እያደረጉ፣ «ሐሳብን ለካው ነው። ልበሰውና ሂድበት። ካስኬደህ ያዘው፤ ካላስኬደህ ፍታው። ፍጹም የሚሆን ልብስ ሰፍተህ ታውቃለህ?»

«አላውቅም።»

«ሰው ግን ራቁቱን አልሄደም።»

ደስ አለኝ፤ ግን ዝም ማለት አልቻልኩም። እኔ ትንሽ ነገር ካልጠራልኝ እንቅልፍ አይወስደኝም። «እንግዲያው ጋሼ፣ ውሸትም ከጠቀመ እውነት ሊባል ነው?» አልኳቸው።

አገጫቸውን ነካኩ። «ይህን ጥያቄ ፈተና ላይ አውጥተውት ቢሆን እወድቅ ነበር» አሉኝ።

የሽማግሌዎቹ የዕርቅ ሐሳብ በዝርዝር ሲመጣ እንዲህ ሆነ። ጋሽ አንሙት በጠፋው ወንድማቸው ፈንታ ድንጋይ ተሸክመው፣ በባዶ እግራቸው ቀርበው፣ ለገዳሙ ወገን ይቅርታ ይጠይቃሉ። የገዳሙ ወንድም ይቅር ይላል፤ ሁለቱም ወገን ይምላል፤ በግ ታርዶ አብረው ይበላሉ። አንድ ነገር ግን አይነሣም፤ ጠቡ እንዴት እንደነበረ። የሽባባው ዘመዶች ገዳሙ ዱላ አንሥቶ መጥቶበት ራሱን ሲከላከል ገደለው ይላሉ። የገዳሙ ዘመዶች ይህን ከሰሙ ጠመንጃ ያነሣሉ። ስለዚህ ሽማግሌዎቹ ሁሉንም በሰይጣን አሳበው ሊዘጉት ወሰኑ።

ስንታየሁ ሲሰማ ተቆጣ። «ያላጠፋኸውን ጥፋት ተሸክመህ፣ ያልተመረመረ ነገር ምለህ፣ ይኸ ፍትሕ ነው? ፍርድ ቤት ለምን ተሠራ?»

«ፍርድ ቤቱማ ሽባባው በሌለበት ፈረደበት። ፋይሉ ተዘጋ። ነገስ?»

«ነገማ መርህ አለ!»

«መርህህን ይዘህ ከእኔ ጋር ብቸና ና። አብረን ከመናኸሪያ ወርደን፣ አብረን በእግራችን እናቴ ቤት ድረስ እንሂድ። መርህህ ካደረሰን እኔ ድንጋዩን አልሸከምም።»

ጋሽ አንሙት ስለ እናታቸው የነገሩን ያኔ ነው። አባታቸው ሲሞቱ ለቀብር አልሄዱም፤ የቀብር ሰው ሁሉ የት እንደሚቆሙ ያያልና። አሁን እናታቸው ዓይናቸው ደክሟል። «ድምፄን ትለየዋለች፤ ፊቴን ግን ቶሎ ካልሄድኩ አታየውም» አሉ። የሚፈልጉት ይኸው ነበር። እናታቸው ቤት ገብተው፣ በሩን ሳይቀረቅሩ መቀመጥ።

ለዕርቁ ሲሄዱ አብሬያቸው እንድሆን ጠየቁኝ። «ከተመለስኩ አብረን እንመለሳለን። ካልተመለስኩ ለእትዬ የሺ የምትነግር አንተ ነህ፤ ሌላ ሰው ያጋንንባቸዋል» አሉኝ። አውቶቡሱ ደብረ ወርቅ ላይ ቆሞ ሰው ሲጭን፣ የሚገባውን ተሳፋሪ ሁሉ እጅ እጁን ያያሉ። እኔም ማየት ጀመርኩ። ፍርሃት ይጋባል። ብቸና እስክንደርስ ድረስ ሁለታችንም የሰው ፊት አላየንም፤ እጅ ብቻ።

ዕርቁ የተደረገው ከቀበሌው ቤተ ክርስቲያን በታች ባለ ሜዳ ላይ ነው። የገዳሙ ወገን በአንድ በኩል፣ የሽባባው ወገን በሌላ በኩል ተቀምጧል፤ በመካከል ቄሶችና ሽማግሌዎች። ጋሽ አንሙት ጫማቸውን ሊያወልቁ ጎንበስ አሉ። ማሰሪያው ከመጥበቁ የተነሣ አልፈታ አላቸው። ሰው ሁሉ እያየ ነው። ተንበርክኬ እኔ ፈታሁላቸው፤ ቋጠሮ መፍታት ሥራዬ ነው። እግራቸው ነጭ፣ የሕፃን እግር የመሰለ ነበር። ድንጋዩን ትከሻቸው ላይ አድርገው፣ ወንድሞቻቸውና የአጎት ልጆቻቸው ተከትለዋቸው፣ በሣሩ ላይ ሲራመዱ እሾህ እንደወጋቸው አይቻለሁ፤ አልቆሙም።

«ስለ እግዚአብሔር ማሩን» አሉ። ድምፃቸው ቀጥ ያለ ነበር።

የገዳሙ ወንድም አለቀሰ፤ ፊቱን አዞረ፤ ቄሱ መስቀሉን ይዘው ሦስቴ ከለመኑት በኋላ «ለእግዜር ብዬ ምሬያለሁ» አለ። ሰው ሁሉ እፎይ ሲል፣ ከሽማግሌዎቹ አንዱ ዙሪያውን ቃኝተው «ልጁስ?» አሉ።

«አሞታል» አለ አጎቱ።

ያመነው የለም። አለመታመሙን ሁሉም ያውቃል። ሽማግሌዎቹ ተያዩ። ልጁ ያልማለበት ዕርቅ ዋናው ምሰሶ የጎደለው ቤት ነው። ድንጋዩ ገና ከጋሽ አንሙት ትከሻ አልወረደም። ለሌላ ቀን እናቆየው የሚል ሐሳብ መነሣት ሲጀምር፣ እሳቸው ከድንጋዩ ሥር ቀና ሳይሉ «ቀጥሉ» አሉ። «በመጣው ሰው እንታረቅ።»

ስንመለስ አውቶቡስ ውስጥ አንገታቸውን እያሹ «ትናንት የአንድ ቤት ሰው ሁሉ ይፈልገኝ ነበር፤ ዛሬ አንድ ሰው ብቻ ቀረ» አሉኝ።

«ዋናው እሱ ነው እኮ ጋሼ።»

«አውቃለሁ። ጎደሎ ነው። ግን ለብሼው ልሂድበት።»

ዝውውር ጠይቀው ብቸና ገቡ። እናታቸው ቤት ተቀመጡ፤ በሩን በቀን ሳይቀረቅሩ። በስልክ ስንገናኝ ስለ ሁሉ ነገር ያጫውቱኛል፤ ስለ እናታቸው ዓይን፣ ስለ ትምህርት ቤቱ የውኃ ችግር። ስለ ይበልጣል ግን የነገሩኝ ጥቂት ነው። ትምህርቱን አቋርጦ የሰው ባጃጅ ይነዳል። ከተማዋ ትንሽ ናትና በየቀኑ ያልፋቸዋል። ሰላም አይላቸውም። አንዳንዴ ከትምህርት ቤቱ በር ፊት ለፊት ባጃጁን አቁሞ፣ ተሳፋሪ ሳይጭን፣ ሲወጡ ያያቸዋል። «ዕርቁ እውነት ነው ብዬ ካልኖርኩበት እውነት አይሆንም» ይሉ ነበር። ድምፃቸው ግን ሞጣ ሳሉ ከነበረው የባሰ ቀጥኖ ይሰማኛል።

በታኅሣሥ ልጠይቃቸው ብቸና ሄድኩ። በማግስቱ ረፋዱ ላይ ትምህርት ቤቴን ላሳይህ ብለው ይዘውኝ ወጡ። አስፋልቱ ዳር ቆምን። ባዶ ባጃጅ መጣ፤ አሳለፉት። ሌላም መጣ፤ አሳለፉት።

«የትኛውን ነው የምንጠብቀው?» አልኳቸው።

«የይበልጣልን።»

«ጋሼ፣ በእግራችን እንሂድ።»

«ለብቻዬ ሞክሬ አቅቶኛል» አሉኝ፣ መንገዱን እያዩ። «በየቀኑ እሳፈርለታለሁ ብዬ እወጣለሁ፤ ሲመጣ እጄ አይነሣልኝም። አንተ እስክትመጣ ጠበቅሁ። ከፈራህ ግን ተመለስ፤ አልቀየምህም።»

ፈርቻለሁ። አልተመለስኩም፤ እሳቸውን እዚያ ትቶ መሄድ የበለጠ አስፈራኝ። ሰማያዊው ባጃጅ ከላይ ሲወርድ ጋሽ አንሙት እጃቸውን አነሡ፤ ክንዳቸውን በሌላኛው እጃቸው ደግፈው ነበር። ባጃጁ ቆመ። ሹፌሩ ቀይ ዳማ፣ ፂሙ ገና ያልሞላ ወጣት ነው። ለረጅም ጊዜ አያቸው።

«ወዴት ነህ?»

«ወደ ትምህርት ቤት።»

«ግባ።»

ሁለታችንም ከኋላ ተቀመጥን። በግንባሩ በኩል ባለችው መስተዋት ዓይኑ ይታየኛል። የትምህርት ቤቱ መታጠፊያ ደረሰ። አልታጠፈም። ጋሽ አንሙት የወንበሩን ብረት ያዙ። አስፋልቱን ትተን ወደ ገጠር በሚወስደው የጠጠር መንገድ ገባን። ቤቶቹ አነሱ፤ ከዚያ ጠፉ። ግራና ቀኝ የታጨደ የጤፍ ማሳ ነው። ልዝለል ወይ ብዬ አሰብኩ፤ እሳቸውን አየሁ፤ ከንፈራቸው ይንቀሳቀስ ነበር፤ መዝሙረ ዳዊት ይሆናል። አንድ መታጠፊያ አልፈን፣ ቁልቁለቱን ወርደን ሜዳ መሬት ላይ ስንደርስ ይበልጣል ባጃጁን ወደ መጣንበት አዙሮ አቆመና ሞተሩን አጠፋ። ከመቀመጫው ሥር የጎማ መፍቻ ብረት አወጣ።

«ውረድ።»

ወረዱ። እኔም ወረድኩ። «አንተ እዚያው ቁም» አለኝ፤ ቆምኩ።

«አጎቴ ነው የማለልህ። እኔ አልማልኩም።»

«አውቃለሁ» አሉ ጋሽ አንሙት።

«ታዲያ ምን ተማምነህ ገባህ?»

«መፍራት ስለደከመኝ።»

ወጣቱ ብረቱን ከአንዱ እጁ ወደ ሌላው አዛወረ። «አንድ ነገር ልጠይቅህ ነው ያመጣሁህ። ሽማግሌዎቹ ሰይጣን ነው ይላሉ። ያንተ ዘመዶች አባቴ ዱላ አንሥቶ ሄዶ ነው ይላሉ። ትምህርት ቤት ሳለሁ ልጆቹ ‹የአባቱን ዱላ ይዞ መጣ› እያሉ ይስቁብኝ ነበር። የዚያን ቀን አንተ ቀዬህ ነበርክ አሉ። አባቴ ዱላ አንሥቶ ነበር?»

የጋሽ አንሙት ፊት አመድ መሰለ፤ እንደዚያ ቀን፣ እንደ ሽሮው ቀን። አላየሁም ቢሉ ማንም አይይዛቸውም። አንሥቶ ነበር ቢሉ የወንድማቸውን ስም ያድናሉ። እውነቱን አውቀው ቢናገሩና እውነቱ የከፋ ቢሆን ግን፣ በዝምታ ላይ የቆመው ዕርቅ ሁሉ ይፈርሳል። ይዋሹ ብዬ ተመኘሁ። አልደብቅም፣ በልቤ «አላየሁም ይበሉት» ብዬ ለመንኩ።

«አላነሣም» አሉ።

ወጣቱ አልተንቀሳቀሰም።

«ለዕረፍት መጥቼ ነበር። ተኩስ ስሰማ ሮጥኩ፤ መጀመሪያ የደረስኩት እኔ ነኝ። አባትህ አርሶ ጨርሶ በሬዎቹን ፈትቷል። በእጁ የያዘው የቀንበሩን ጠፍር ነው። ዱላም፣ ድንጋይም አልነበረም። የተመታው ከጀርባው ነው። ጎንበስ ብሎ እያለ ነው የተመታው። ወንድሜን አባትህ አላየውም።»

«ለምን ዝም አልክ?»

«ዝም ካልን ዕርቁ ይሠራል ብዬ ነበር። ለሁሉም ሠራ። ለአንተ አልሠራም። ለአንተ የማይሠራ ከሆነ ደግሞ፣ መፈታት ነበረበት። አሁን የገባኝ ነው። ከዚህ በላይ የማውቀው የለም።»

ይበልጣል ብረቱን አነሣ። ዓይኔን ጨፈንኩ። የሰማሁት ድምፅ የብረትና የጠጠር ነው። ዓይኔን ስገልጥ መሬቱን እየመታ ነበር፤ ደጋግሞ፣ አቧራው እስኪነሣ፣ ትንፋሹ እስኪቆራረጥ። ጋሽ አንሙት ከቆሙበት አልተነቃነቁም። ራቅ ብለው ጤፍ የሚከምሩ ሰዎች ቀና ብለው አዩንና ወደ ሥራቸው ተመለሱ።

ከዚያ ልጁ ፊቱን በክንዱ ጠረገ። ብረቱን ከኋላ ወንበሩ ላይ፣ እኛ ተቀምጠን በነበረበት ላይ፣ ወረወረው። ገብቶ ማስነሻውን ሳበ። ሞተሩ አልነሣም አለ። ደግሞ ሳበ። አልነሣም። ራሱን መሪው ላይ ደፍቶ ቆየና፣ ወደ እኛ ሳያይ «ግፉ» አለ።

ገፋን። ጋሽ አንሙት በቀኝ፣ እኔ በግራ። በኋላው መስኮት የይበልጣል ማጅራት ይታየናል፤ ላብ ወርዶበታል። ከፊታችን ጀርባውን ሰጥቶን ተቀምጧል። በእኛና በእሱ መካከል ያ ብረት ወንበሩ ላይ ይንገጫገጫል። የጋሽ አንሙት ዓይን ብረቱን አይቶ ሲርቅ አየሁት። ሞተሩ አንዴ አስነጠሰ፤ ደገመ፤ ያዘ። ባጃጁ ከእጃችን አምልጦ አቧራውን በላያችን አፍስሶ ዳገቱን ወጣና ከመታጠፊያው ተሰወረ።

«ሄደ» አልኩ። ደስ ይበለኝ ወይስ ልዘን አላወቅሁም።

ጋሽ አንሙት እጃቸውን ከፍ አድርገው «ስማ» አሉኝ። ሰማሁ። የሞተሩ ድምፅ አልራቀም፤ አንድ ቦታ ላይ ሆኖ ይንተከተካል።

«ለእኛ ነው የቆመው?»

«አላውቅም። ወጥተን እንየው።»

ዳገቱን ወጣን። ቶሎ ለመድረስም፣ ላለመድረስም እየፈለግን ወጣን። መታጠፊያው ላይ ባጃጁ ዳር ይዞ ቆሟል። ይበልጣል ወደ ፊት መንገዱን እያየ ነው፤ ስንቀርብ አልዞረም፤ ግቡም አላለንም። የኋላ ወንበሩ ግን ባዶ ነበር። ብረቱን አንሥቶ ወደ ፊት፣ ከእግሩ ሥር አድርጎታል፤ ወንበሩ ላይ የነበረውንም አቧራ በእጁ ጠርጎታል፤ የጣቶቹ መስመር በፕላስቲኩ ላይ ይታይ ነበር።